ማዕዱን አንድ ማድረግ
(የየቲም አሳዳጊዎችና ደጋፊዎች በእንሴኖ በተገናኙበት ወቅት ከቀረበ ንግግር)

በአላህ (ሱ.ወ) ስም እንጀምራለን። የለመነውን የማያሳፍር፣ የተሰበረን ልብ የሚጠግን ጌታ ምስጋና ይድረሰው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች ጥላ በሆኑት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ በዚህ በእንሴኖ የተሰባሰብነው ሁለት ዓይነት ሰዎች ነን። አንደኞቻችን ከመርካቶ፣ ከቡታጅራና ከሌሎችም ቦታዎች ከንግዳችን ላይ ቆርሰን ለየቲም የምንሰጥ ነን። ሌሎቻችን ደግሞ የቲሙን በቤታችን፣ በምድጃችን ዳር፣ በመኝታችን አጠገብ ይዘን የምናሳድግ ነን፦ ባሏ የሞተባት እናት፣ ልጇን ቀብራ የልጅ ልጇን የታቀፈች አያት፣ የወንድሙን ልጆች ከራሱ ልጆች ጋር የቀላቀለ አጎት። ስለ ሰጪዎቹ ምንዳ በየመድረኩ ብዙ ተነግሯል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር ያለውን ቅርበት በሁለት ጣቶቻቸው ማሳየታቸውንም ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ ግን ስለ አሳዳጊው ልብ ልንናገር ወደድን። ገንዘቡ በወር አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ልጁ በሌሊት ባንኖ ሲነሣ ግን የሚያገኘው የአሳዳጊውን ልብ ነውና።

አደራው ሲከብድ

ከአሳዳጊዎች ጋር ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ደጋግመን የምንሰማው አንድ ነገር አለ። «ድህነቱን ለምጄዋለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ አደራው ነው» ይሉናል። እናቲቱ «አባት የሌለውን ወንድ ልጅ እኔ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ለሰው ወግ አበቃዋለሁ?» ትላለች። አክስት «ብቆጣው የሙት ልጅ በደለች እባላለሁ፤ ዝም ብለው ባለገብኝ» ትላለች። አያት «ትምህርቱን አላውቅ፣ ዘመኑን አላውቅ፤ ምን ብዬ ልምከረው?» ይላሉ። አጎት በበኩሉ ለወንድሙ ልጅ ጫማ ሲገዛ የራሱ ልጅ እንዳይከፋው፣ ለራሱ ልጅ ሲገዛ ጎረቤት እንዳያማው ይሠጋል።

ይህ ፍርሃት መነሻው መልካም ነው፤ አላህን የሚፈራ ሰው ፍርሃት ነው። ነገር ግን ሲበዛ በሦስት መንገድ ልጁን ይጎዳል። አንዳንዱን አሳዳጊ ጨካኝ ያደርገዋል፤ ልጁ ያመልጠኛል ብሎ ስለሚፈራ በዱላ ያጥረዋል። ሌላውን ልል ያደርገዋል፤ ከማዘኑ የተነሣ ልጁ ያሻውን ቢያደርግ እያየ ዝም ይላል። ሦስተኛውን ደግሞ ያርቀዋል፤ ልጁን እንደ ተዋሱት ዕቃ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ ይይዘዋል እንጂ እንደ ልጁ አያቅፈውም። ልጁም ይህን ያውቃል። ሕፃን ቃሉን ባይረዳ እንኳ የያዘው እጅ የሚፈራ መሆኑን ይረዳል።

ፍርሃት የለየው ማዕድ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ወይም የዘመናችን ብቻ አይደለም። በመዲና በሶሓቦች ዘመን ደርሷል፤ ቁርኣንም መልስ ሰጥቶበታል። በሱረቱ ኒሳእ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች ከባድ ዛቻ በወረደ ጊዜ፣ በቤታቸው የቲም የነበራቸው ሶሓቦች ደነገጡ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንደተረኩት፣ ከድንጋጤያቸው የተነሣ የየቲሙን ምግብ ከምግባቸው፣ መጠጡንም ከመጠጣቸው ለዩ። ከየቲሙ ምግብ የተረፈው ይቀመጥለታል፤ ወይ ኋላ ራሱ ይበላዋል፣ ወይም ይበላሻል። ማንም እጁን አይሰድበትም። ነገሩ ሲከብዳቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረቡ። በዚህን ጊዜ በሱረቱል በቀራህ 220ኛው አንቀጽ መልሱ መጣ፦ የየቲሞችን ጉዳይ ማሳመር መልካም መሆኑን፣ ብትቀላቀሏቸውም ወንድሞቻችሁ መሆናቸውን፣ አላህም አጥፊውን ከአልሚው ለይቶ እንደሚያውቅ አስተማራቸው። ሶሓቦቹም ማዕዱን መልሰው አንድ አደረጉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ታሪክ በልባችን እንያዘው። እነዚያ ሰዎች የቲሙን በድለው አልነበረም፤ እንዳይበድሉት ፈርተው ነበር። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ልጁ ብቻውን ከገዛ ድስቱ የሚበላ እንግዳ ሆነ። ቤት እያለው ቤተሰብ አጣ። አላህ (ሱ.ወ) ለዚህ ፍርሃት የሰጠው መድኃኒት ልጁን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አልነበረም፤ ለአሳዳጊው ልብ ሰጠው እንጂ። «ቀላቅሉ፤ ወንድማችሁ ነው፤ ልባችሁን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ነው የመልእክቱ መንፈስ።

እንግዲህ ለየቲም አሳዳጊ ልበ ሙሉነት የምንለው ይህንን ነው። ሁሉን አውቃለሁ ማለት አይደለም፤ አልሳሳትም ማለትም አይደለም። ኒያዬን የሚያውቀው አላህ ነው፣ የምጠየቀውም በእርሱ ዘንድ ነው ብሎ ልጁን ያለ ሥጋት ወደ ማዕድ ማቅረብ ነው። የጎረቤት ዓይን አጥፊውን ከአልሚው አይለይም፤ አላህ ግን ይለያል። ይህን ያመነ አሳዳጊ ለወሬ ብሎ አይጨክንም፤ ለወሬም ብሎ አይለግምም።

ሐበሻዊቷ እናት

«ምን አለኝና ነው ይህን የማደርገው?» ለሚል ሰው ከራሳችን ምድር የተገኘችን አንዲት ሴት እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸው ዐብዱላህ የሞቱት ገና ሳይወለዱ ነው። እናታቸው አሚና በመካና በመዲና መካከል በአብዋእ ሲሞቱ እርሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ገደማ ነበሩ። በዚያ ጉዞ አብራቸው የነበረችው፣ እናቱን አስቀብሮ የሚያለቅሰውን ሕፃን ይዛ ወደ መካ የተመለሰችው ኡሙ አይመን ናት። ስሟ በረካ ነው፤ ትውልዷ ከሐበሻ ነው። ያን ጊዜ ባሪያ ነበረች። ሀብት አልነበራትም፣ ወገን አልነበራትም፣ የራሷ ነፃነት እንኳ አልነበራትም። የነበራት እጆቿና ልቧ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አድገው ነፃ አወጧት፤ ከእናታቸው በኋላ እናታቸው እንደ ሆነች ይናገሩላት እንደነበርም ተዘግቧል። ከእርሳቸው ሕልፈት በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) እርሳቸው ይዘይሯት እንደነበረው ሊዘይሯት ይሄዱ ነበር።

አያታቸው ዐብዱልሙጠሊብ ከሞቱ በኋላ የተቀበሏቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብም ልጃቸው የበዛ፣ ሀብታቸው ያነሰ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ፋጢማ ቢንት አሰድ ግን ከልጆቿ ሳትለይ አሳደገቻቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ውለታዋን እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሱትም። የዓለሙን መሪ ያሳደጉት እነዚህ ሰዎች ባለጠጎች አልነበሩም። የሰጡት ቦታ ነው፦ በማዕድ ቦታ፣ በመኝታ ቦታ፣ በልብ ቦታ።

ፍቅር በምን ይገለጻል?

በአገራችን ብዙ ወላጅ ልጁን እየወደደ ፍቅሩን ይደብቃል። ልጅ እንዳይቀብጥ ፊት አይሰጥም ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን በሰው ፊት ሳሙት። አሥር ልጆች ኖረውት አንዱንም ስሞ የማያውቀው አቅረዕ ኢብን ሓቢስ በነገሩ ሲደነቅ፣ የማያዝን እንደማይታዘንለት ነገሩት። የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። የልጅ ልጃቸው በሱጁድ ሳሉ ጀርባቸው ላይ በወጣ ጊዜም እስኪበቃው ድረስ ሱጁዱን አስረዝመዋል። ሰላትን የሚያህል ዒባዳ ላይ ለሕፃን ቦታ ከተሰጠ፣ እኛ በርበሬ ስንለቅም ወይም ሒሳብ ስንሠራ ልጅ ሲጠጋን «ሂድልኝ» የምንልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ፍቅር ለመስጠት ገንዘብም ትምህርትም አያስፈልግም። ልጁ ከትምህርት ቤት ወይም ከመድረሳ ሲመለስ ቀና ብሎ ማየትና በስሙ መጥራት፣ ከመተኛቱ በፊት ግንባሩን ዳብሶ ዱዓ ማድረግ፣ የሚናገረውን ሳያቋርጡ መስማት በየቀኑ የሚቻል ነው። ከዚህ ውጪ ደግሞ የቲም ከሌሎች ልጆች ይልቅ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ቃልን መጠበቅ ነው። አንዲት እናት ልጇን «ና ልስጥህ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው አስበሻል ብለው ጠየቋት። ቴምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። አባቱን በሞት የተነጠቀ ልጅ፣ ሰው ድንገት ሊቀር እንደሚችል በሕይወቱ አይቷል። «ማታ እመጣለሁ» ያለው ሰው በማታ ሲመጣ፣ ለጁሙዓ ቃል የተገባለት ነገር በጁሙዓ ሲደርስ፣ ዓለም እንደገና የሚታመን ይሆንለታል።

ሁለተኛው እኩልነት ነው። ኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ) በልጅነታቸው አባታቸው ከወንድሞቻቸው ለይተው ስጦታ ሊሰጧቸው ባሰቡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሁሉም እንዲሁ ሰጥተሃልን ብለው ጠይቀው፣ አልሰጠሁም ሲሏቸው ምስክር ለመሆን እምቢ አሉ። በአንድ ማዕድ የሚበሉ ልጆች ዓይናቸው ሚዛን ነው። ለዒድ ልብስ ሲገዛ፣ ሥጋ ሲታደል፣ ውኃ የሚቀዳ ሲታዘዝ ልዩነት ካለ ያውቁታል። ልዩነቱ የቲሙን በማብለጥም ቢሆን የቤቱን ልጅ ያስቀናል፤ ኋላም ለየቲሙ ጠላት ይሆንበታል።

ሦስተኛው እውነት ነው። ሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በወለዷቸው አባቶች ስም መጥራት እንደሚገባ ይደነግጋል። ስለዚህ የልጁ አባት ስም ከቤታችን አይጥፋ። መልካም ሥራው ይነገረው፣ ዱዓ እንዲያደርግለት ይማር፣ ከአባቱ ዘመዶች አይለይ። አሟሟቱንም ሲጠይቅ በዕድሜው ልክ እውነቱ ይነገረው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ አንዘልለውም። በ2011 ዓ.ም. በመስካንና በማረቆ አካባቢዎቻችን የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ ቤተሰቦችንም ከቀዬአቸው አፈናቅሏል። የሞተው ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ የቀረው ልጅ የቲም ነው፤ የቲምነት ወገን የለውም። ልጁ «አባቴን ማን ገደለው?» ሲል፣ የምንሰጠው መልስ ወይ ሰው ያደርገዋል፣ ወይ ቂመኛ ያደርገዋል። አባቱ በግፍ እንደሞተ መንገር እውነት ነው። የአንድን ሕዝብ ልጆች በሙሉ ጠላት ናቸው ብሎ መንገር ግን በየቲሙ ላይ ሁለተኛ ሞት መጨመር ነው።

ተግሣጽም ከፍቅር ነው

የሙት ልጅ አይቆጡም የሚል አነጋገር አለ። ሱረቱ ዱሓ የቲምን መጨቆንን ከለከለ እንጂ ማረምን አልከለከለም። የቀደሙት ዑለሞችም የቲምን በመልካም ጠባይ ማነጽ ከመብቶቹ አንዱ መሆኑን ያስተምራሉ። ሰላቱን የተወ፣ የሰው ንብረት የነካ ልጅ «አባት የለውም፣ ተዉት» ከተባለ፣ በአዘኔታ ስም ተጥሏል ማለት ነው።

ጥያቄው እንዴት ይታረም የሚለው ነው። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት አገልግለው፣ አንድም ቀን የምሬት ቃል እንዳልሰሙ መስክረዋል። በዚያ ቤት ሥርዓት አልጠፋም፤ የጠፋው ማዋረድ ነበር። በቤታችን ሕጉ ጥቂት ይሁን፣ ሁልጊዜም አንድ ይሁን። ዛሬ የተከለከለው ነገ አይፈቀድ። ስናርም ጥፋቱን እንጂ ልጁን አንጥላ። «አባትህ ቢኖር ያፍርብህ ነበር»፣ «አንተን ይዤ ተጎዳሁ» የሚሉ ቃላት ከዱላ የበለጠ ይቆያሉ። በንዴት ጊዜ ተቀምጦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ቀዝቅዞ መናገር ደግሞ ሱናን መከተል ነው።

ልጁ ሲያድግ ኃላፊነት ይሰጠው። ሱረቱ ኒሳእ የቲሞች ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ እንዲፈተኑ፣ ብስለታቸው ሲታይም ገንዘባቸው በምስክር ፊት እንዲሰጣቸው ያዛል። ወፍጮ ቤት ልከነው መልሱን እንዲያስረክበን፣ ገበያ ወስደነው ዋጋ እንዲከራከር፣ እርሷም ከድጋፉ ገንዘብ የደብተሯን ወጪ እንድትመዘግብ ማድረግ የዚያ ፈተና መጀመሪያ ነው። የታመነ ልጅ ራሱን ያምናል፤ አሳዳጊውም ልጁ ሲችል እያየ ይበረታል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንጨምር። የአሳዳጊን ልብ ከሚያውኩት ነገሮች አንዱ ሐሜት ነው። መድኃኒቱ ደብተር ነው። የገባውና የወጣው ይጻፍ፤ በወር አንድ ጊዜ አንድ ታማኝ ዘመድ ይመልከተው። ቁርኣን ባለጸጋውን አሳዳጊ እንዲቆጠብ፣ ድሃውን ደግሞ በአግባቡ እንዲበላ ፈቅዶለታልና፣ ድሃ አሳዳጊ ከማዕዱ በመብላቱ አይሸማቀቅ።

አሳዳጊም ሰው ነው

የቲም ያለበት ቤት ሁሉ ሐዘን ያለበት ቤት ነው። ልጁ አባት ሲያጣ እርሷ ባል አጥታለች፤ አያትየው ልጅ አጥተዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አልቅሰዋልና፣ እንባ የኢማን ጉድለት አይደለም። ሐዘኑ ሲረዝም፣ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክል፣ ልጅን ማቀፍ እስኪያቅት ሲያደርስ ግን ችላ ሊባል አይገባም። ከ1997 እስከ 1998 ዓ.ም. በዚሁ በቡታጅራ አካባቢ ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግበው የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ጭንቀትና ድብርት ከእርግዝና እስከ ወሊድ በኋላ የቀጠለባቸው እናቶች ሕፃናት በተቅማጥ አብዝተው እንደሚጠቁ አሳይተዋል። የእናት ልብ ሲታመም የልጅ ሰውነት ይታመማል ማለት ነው። ስለዚህ ለጤና ባለሙያ መናገር፣ ከሌሎች አሳዳጊዎች ጋር ተቀምጦ መወያየት፣ ኢማሙን ወይም ኡስታዙን ማማከር አደራን መጠበቅ እንጂ ድክመት አይደለም።

ለደጋፊዎች የምንለው

ውድ ደጋፊዎች፣ ሰደቃችሁ ልጁን ከቤቱ ሳያወጣ ይድረስ። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረ ጥናት፣ በሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት ተወስደው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። በቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ እድገትም ሰውን በመቅረብም በማሳደጊያው ከቀሩት የተሻሉ ሆኑ፤ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ሳሉ የገቡት። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ሕፃናትን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መስጠትን ከልክሏል። ስለዚህ የቲሙ ተስፋ እዚሁ ነው፤ በእናቱ፣ በአያቱ፣ በአጎቱ ቤት ነው። ያ ቤት ከጸና ልጁ ይጸናል።

ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነገር ነው። ድጋፉ ቢያንስም አይቋረጥ፤ መጠኑን የማታውቅ እናት ዕቅድ ማውጣት አትችልም። ለዒድ ልብስ ስታድሉ ልጆቹን አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሡ፤ ልብሱን ለእናቲቱ ስጧት፣ በእጇ ታልብሳቸው። ልጁ የሚያመሰግነው እጅ የቤቱ እጅ ይሁን። ለአረፋ ወደ አገር ቤት ስትገቡም ስለ ልጁ ውጤት ብቻ አትጠይቁ፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት። ከቆጮውም ከቡናውም ቅመሱ። ከየቲም ቤት የተቀመሰ ማዕድ ለቤቱ ክብር ነው።

በመጨረሻ፣ ማዝሀባቸውን በአገራችን ብዙ ሕዝብ የሚከተለውን ኢማም ሻፊዒይን እናስታውስ። በ150 ዓመተ ሂጅራ በጋዛ ተወለዱ፤ አባታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ሞቱ። እናታቸው ድሃ ነበረች፤ የዘር ሐረጋቸው እንዳይጠፋ ይዛቸው ወደ መካ ሄደች። ለመምህሩ የምትከፍለው አልነበራትም፤ መምህሩም በሌለ ጊዜ ልጁ ሌሎቹን እንዲያስጠና ተስማምቶ በነፃ አስተማረው። ያቺ እናት ልጇ ምን እንደሚሆን አታውቅም ነበር። የምታውቀው የዚያን ዕለት ማድረግ ያለባትን ብቻ ነበር፤ እርሱንም አደረገች። እናንተም የዛሬውን አድርጉ። የነገው የአላህ ነው።

አላህ ሆይ! የየቲሞቻችንን ልብ ጠግን። አሳዳጊዎቻቸውን ትዕግሥትና ብርታት ስጣቸው፤ ማዕዳቸውን በበረካ ሙላው። ከሀብታቸው የሚቆርሱትን ተካላቸው። ምድራችንን ሰላም አድርግልን፤ ሌላ የቲም አታሳየን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።